አማቶችሽን ቦረና ስትወስጃቸው

ያን ወረቀት እስቲ ወዲህ በይው። ሰኞ ደሴ፣ ማክሰኞ መካነ ሰላም፣ ረቡዕ ደንቆሮ ጫካ፣ ሐሙስ ጋስጫ፣ ዓርብ ተድባበ ማርያም፣ ቅዳሜ መቅደላ፣ እሑድ ላሊበላ። እህትዓለም፣ ይህ የሽርሽር ዕቅድ ነው ወይስ የክተት ዐዋጅ? ሽማግሌው ሰባውን ከተሻገሩ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸው ከወንበር የሚነሡት ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው። ባልሽ «አባቴ ጠንካራ ነው» ቢልሽ አትስሚው። የአባቱን ማርጀት መጨረሻ የሚያየው ወንድ ልጅ ነው።

እስክርቢቶሽን አምጪ። ላሊበላን ሰርዢው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። መቅደላንም ሰርዢው። ተድባበ ማርያምን በእርሳስ ጽፈሽ አቆዪው፤ ጉልበት ከተረፈ ይታያል። የሚቀርሽ መካነ ሰላም፣ ደንቆሮና ጋስጫ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሰዎቹ እኮ ግማሽ ዕድሜያቸውን ወለጋ ውስጥ ሲያክሙ፣ ሲያስተምሩና ሲሰብኩ የኖሩ ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ቦታ ቆጥረው የሚመለሱ አገር ጎብኚዎች አይደሉም። የጠየቁሽ ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው፣ በሚወዱት አገር፣ ከቤት ውጪ አንድ ሳምንት መሰንበት ነው። ሌላውን የጨመርሽው አንቺ ነሽ።

ከሁሉ በፊት መንገዱ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን እንዴት እንደከረመ እዚያም ሆነሽ ትሰሚያለሽ። ትናንት ያደረሰ መንገድ ዛሬ ላያደርስ ይችላል። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ጠይቂ፣ ደሴ ከገባችሁ በኋላ ደግመሽ ጠይቂ። የምትጠይቂው ፌስቡክን አይደለም፤ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ደሴ መናኸሪያ የገባውን ሹፌር ነው። እሱ «ባይሆን ይሻላል» ካለሽ አይሆንም ማለቱ ነው፤ ወሎዬ ፊት ለፊት አይከለክልሽም። ያኔ እንዳትከራከሪ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዳለው ሐይቅ ውሰጃቸውና ውኃው ዳር ሰንብቱ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የተማሩት እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ ስለሆነ ታሪኩ ብዙም አይርቅባችሁም። ገዳሙ ሴት እንደማያስገባ ግን ለእናትየው አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በሩ ላይ ደርሰው እንዳይሰሙት።

ወቅቱን በደንብ መርጠሻል። የልጆቹ የትምህርት ቤት ዕረፍት ጥቅምት ላይ ስለዋለ እንጂ ያንቺ ብልሃት አይመስለኝም፤ ብቻ ተሳክቶልሻል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ጠፍፏል፣ የባቄላው እሸት አላለቀም፣ ገብሱ መልኩን እየለወጠ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ብትዪ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከየካቲት በኋላ ደግሞ በልግ ይመጣል፤ ደጋው በልግ አብቃይ ስለሆነ ዝናቡ ቀልድ አይደለም። ጥቅምት በዚያ ላይ ዘመነ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት ታስባለች፤ ሕፃን ያቀፈች እናትና አንድ አረጋዊ ወደ ግብፅ የሄዱበትን መንገድ። ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የሚስማማ ወቅት አላውቅም። ቅዳሜ ማታ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ ሽማግሌው ከባድ እንቅልፍ ከሌላቸው ቀስቅሻቸውና ውጪ፣ አጥሩ ጥግ፣ ጋቢ ለብሰው ይስሙ። ከበሮው ሲጀምር አንቺ ማብራራት አቁሚ።

ደሴ ላይ ሁለት ሌሊት አሳድሪያቸው። ለመዝናናት ብቻ አይደለም፤ ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መካነ ሰላም ትንሽ ከፍ ትላለች፤ የደንቆሮው ጫፍ ደግሞ ከ3,500 ያልፋል። ከቆላማ ከተማ በአውሮፕላን መጥቶ በማግስቱ እዚያ የሚወጣ ሽማግሌ ልቡ መድከሙ አይቀርም። ውኃ ይጠጡ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ የደም ግፊቱን ክኒን በእጅ ቦርሳ ይያዙት፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ መኪናው ጣሪያ ላይ ነው የሚታሰረው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ «ትንሽ ይለፍለት» እያልሽ ወደ ላይ አትግፊያቸው፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሐኪማቸውንም እዚያው ጀርመን ሳሉ ያማክሩ።

ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጀርመን አውራ ጎዳና ሒሳብ እንዳታስቢው፤ ቀኑን ሙሉ ስጪው። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ መስኮቱን ያዘጋችኋል። ከዚያ ለጋምቦ ነው፤ አቀስታ ላይ ሻይ ጠጡ። 4,000 ሜትር ገደማ የሚደርሰው አምባ ፈሪት ያለው በዚሁ ወረዳ ነው፤ ነፋሱ ለምን እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ ልጆቹ ከጠየቁሽ መልሱ እሱ ነው። አባትየው ኦሮምኛ አቀላጥፈው ስለሚናገሩ የቦታዎቹን ስም ሲሰሙ ዝም አይሉም፤ ለጋምቦ፣ ቱሉ አውሊያ፣ ወረ ሂመኖ እያሉ ሹፌሩን ይይዙታል። ተያቸው፤ የመንገዱ ግማሽ በዚያ ያልቃል።

ደንቆሮ ላይ ሎጅ እንዳትጠብቂ። የዛሬ ስሙ ቦረና ሳይንት ወረ ሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ አገሬው ግን አሁንም ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ቀድመሽ አነጋግሪ፣ ስካውት ያዢ፣ ድንኳንና ወፍራም የመኝታ ከረጢት ከደሴ ይዘሽ ሂጂ። ከታች ወይራና ኮሶ ነው፤ ወደ ላይ ስትወጡ አስታው ይመጣል፤ ከዚያ ዛፍ ያልቅና ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራል። ለልጆቹ ጭላዳው ይበቃቸዋል። ከመንጋው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ምግብ አታሳዩ፣ ዝም በሉ፤ አይሸሹም። ልብ በይ፤ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን ይነጫሉ፣ አንዱን ጨርሰው ወደሚቀጥለው የሚሄዱት ሳይነሡ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ነው። ትልቁ ወንድ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ፣ ነፋስ የሚበትነው ጎፈሩ! ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ መሆኑን አያትየው ለልጅ ልጆቻቸው ይንገሩ፤ ይህን የማስተማር ሥራ አትንፈጊያቸው።

ቀይ ቀበሮን ግን አትማይላቸው። በመላው ዓለም ያሉት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም፤ ያሉትም ቢሆኑ አይጥ የሚያድኑት ለየብቻ ነው። ካያችሁ እሰየው። ከመንደር የሚከተላችሁ ውሻ ካለ ባለቤቱ እንዲመልሰው አድርጊ፤ ቀበሮውን ከሚፈጁት አንዱ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ለእናትየው በቅሎ ተከራዪ። ለአባትየውም፤ «በእግሬ እሄዳለሁ» ይሉሻል፣ አንቺ በቅሎዋን ባዶዋን አስከትዪ፤ ሦስተኛው ዳገት ላይ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ኮርቻው ላይ ባና እጥፍ አድርገሽ አንጥፊ፣ እርካቡ በእግራቸው ልክ ይጠር፣ ልጓሙን መሪው እንጂ እሳቸው አይያዙት። ቁልቁለት ላይ መሪው «ይውረዱ» ሲላቸው ይውረዱ። ክርክር የለም፤ ኮርቻ ወደ አንገት ይሸሻል፣ ሽማግሌም አብሮ ይሸሻል። ትልቁ ልጅሽ ስልኩ ላይ እንዳይደፋ ከበቅሎ መሪው ጎን አሰልፊው፤ የአያቱን በቅሎ የመጠበቅ ኃላፊነት ስጪው። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ተራራ አያስደንቀውም፤ ሥራ ሲሰጡት ግን ሰው ይሆናል።

ድሮን አትያዙ። ይህን በመጀመሪያ ልነግርሽ ይገባ ነበር። በዚህ ጊዜ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ሰውን ያስደነግጣል፤ እናንተንም ያስጠረጥራል።

ማንም የማይነግርሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ፤ ሽንት ቤት። የእናትየው ጉልበት ቁጢጥ ብሎ መነሣት አይችልም። መሐሉ ክፍት የሆነ ታጣፊ መቀመጫ ይዘሽላቸው ሂጂ፤ ለሌሊት ደግሞ ክዳን ያለው ፖፖ። አፍረው አይጠይቁሽም፤ አንቺ ግን ሳታወሪ ድንኳናቸው ውስጥ አስቀምጪው። ፈርተው ውኃ ሳይጠጡ እንዲውሉ ከሚያደርጋቸው ነገር ዋናው ይህ ነው።

ገበታ ላይ ስትቀርቡ ልብ ማለት ያለብሽ አለ። ለጋምቦ በኩል አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ ሳይንት በኩል ክርስቲያኑ ይበዛል፤ ቦረና ላይ ሁለቱም አሉ፤ አንድ ቤት ውስጥ አጎትየው ሐጂ፣ የእህት ልጅ ዲያቆን ብታገኚ አትገረሚ። ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። የእስላም ቤት ለክርስቲያን እንግዳ ክርስቲያን ጠርቶ ያስባርካል፣ ክርስቲያኑም ለእስላም እንግዳው እንዲሁ። አማቶችሽ «ለእኛ ሁሉም አንድ ነው» ብለው ቸር የሆኑ ይመስላቸው ይሆናል፤ አይበሉት። ሰውዬው በግ ፍለጋና ባራኪ ፍለጋ የደከመው እነሱን አክብሮ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጦም ነው፤ ሽሮው ይጥማቸዋል። ቡና ሲፈላ አቦሉን ጠጥተው አይነሡ፤ ቶናውን፣ ከዚያ በረካውን። በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ ምርቃቱን ጥሎ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አማቶችሽ ይህን አገር የሚያውቁት በአስተማሪነት ነው፤ ቦረና የሚሄዱት ግን በእንግድነት ነው። ይህን ከመነሣታችሁ በፊት ባልሽ ቁጭ አድርጎ ይንገራቸው። አንቺ እንዳትናገሪው፤ ከምራት አፍ ሲወጣ ሌላ ይመስላል።

ለዚህ አገር ሰባኪ አዲሱ አይደለም። በፈረንጆቹ 1555 ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ የሮምን እምነት ላስቀብል ብሎ ዐፄ ገላውዴዎስ ዘንድ መጣ። ንጉሡ አላሰሩትም፤ የሃይማኖታቸውን መግለጫ ጻፉ። ቅዳሜን ብናከብር፣ ብንገረዝ፣ የአሳማ ሥጋ ባንበላ እንደ አይሁድ መሆናችን አይደለም ብለው በጨዋ ቃል አስረዱ። ሳይንት ያለውን ተድባበ ማርያምን ያሠሩት እኚሁ ገላውዴዎስ ናቸው፤ የቦታው ትውፊት ግን ከሳቸው ብዙ ዘመን ወደ ኋላ፣ እስከ ብሉይ ኪዳን ይወስደዋል። በእርሳስ ያስጻፍኩሽ ለዚህ ነው። ከደረሳችሁ ሽማግሌው እዚያ ቆመው ይህን ታሪክ ቢሰሙ ደስ ይለኛል፤ ለሚሲዮናዊ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ነውና።

ሚሲዮናዊውን ክራፕፍን ደግሞ በስም ያውቁታል፤ ያገራቸው ሰው ነው፣ የቩርተምበርግ። በፈረንጆቹ 1842 ከአንኮበር ተነሥቶ ጎንደርን አልፎ ሊወጣ በወሎ በኩል ሲያልፍ የወሎው ባላባት አዳራ ቢሌ በክብር አስተናገደው። ከፊት ለፊት ጦርነት ሆኖበት ሲመለስ ግን ያው ሰው ያዘው፤ ያለውን ሁሉ ዘረፈው። እስከ ምጽዋ የደረሰው በየመንደሩ የሰው እጅ እያየ ነው። በዚያው ዓመት እስክንድርያ ላይ ሮዚን ዲትሪክን አገባ፤ ይዟት ወደዚህ ሊመለስ ሲሞክር በ1843 ምጽዋ አካባቢ በረሃ ላይ ያለ ቀኗ ወለደች። ልጅቱን «እንባ» ብለው ስም አወጡላት፤ ያን ቀን ሞተች። ሮዚንም በማግስቱ ዓመት ሞምባሳ ላይ ሞተች።

ፓውሊኔ ፍላድም አለች፤ ብዙ ሰው ሚሲዮናዊ ባሏን እንጂ እሷን አያነሣትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረንጆቹ 1866 ባሏን ፍላድን ደብዳቤ አስይዘው ወደ እንግሊዝ ሲልኩት እሷና ልጆቿ መያዣ ሆነው ቀሩ። ሰውየው እዚያው መቅረት ይችል ነበር፤ ተመለሰ። የተፈቱት ቴዎድሮስ በመቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በፋሲካው ሰሞን ነው። እኔ ከመቅደላ ታሪክ ሁሉ የሚይዘኝ የሷ ጥበቃ ነው፤ የመድፉ ወሬ ሰልችቶኛል።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ እሳት ዳር ስትቀመጡ እንድታወሪው ነው። ስታወሪ ግን አዳራ ቢሌ ላይ እንዳትቆሚ። ክራፕፍን የዘረፈው አንድ ባላባት ነው፤ አብልተው ያሳለፉት ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ቤቶች ናቸው። አማቶችሽ ሊያገኟቸው የሚሄዱት የነዚያን ሰዎች ልጆች ነው። ስለ እምነታቸው ከተጠየቁ ይመልሱ፤ አይደብቁ፣ አያድበስብሱ። ሳይጠየቁ ግን አይጀምሩ። ትራክት የሚባል ነገር በሻንጣ እንዳይገባ፤ ሻንጣውን ራስሽ ብታዘጋጂላቸው ይሻላል።

የአባ ጊዮርጊስ ገዳም ጋስጫ ላይ ይህ ሁሉ ቀላል ይሆንላቸዋል፤ ምክንያቱም አባ ጊዮርጊስ የመጽሐፍ ሰው ናቸው። ገድላቸው እንደሚለው በልጅነታቸው ትምህርት አልገባ ብሏቸው ሐይቅ ላይ እህል ሲፈጩ ነው የኖሩት፤ ወፍጮው ሥር ሆነው እመቤታችንን ሲለምኑ ነው ልቡናቸው የተከፈተው። ከዚያ በኋላ ሰዓታቱን፣ አርጋኖኑን ደረሱ፤ መጽሐፈ ምሥጢርን በ1424 በፈረንጆቹ ፈጸሙ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ «ይህ ልጅ አይገባውም» የተባለ ስንት ልጅ አይተዋል! ይህን ሲሰሙ የሚሉት ነገር ይኖራቸዋል።

ሴት የሚገባበትና የማይገባበት ወሰን ካለ እዚያው ያለውን አባት ቀድመሽ ጠይቂ፣ የተባልሽበት ላይ ቁሚ። ጫማ ይወልቃል፤ ለእናትየው የማይቀዘቅዝ ካልሲ አልብሻቸው፣ ነጠላውን አንቺ አጣፊላቸው። ቅዳሴ ላይ ወደ ቁርባኑ አይቅረቡ፤ ጀርመን ውስጥ እንደለመዱት «ሁሉም ይምጣ» የለም። መስቀል መሳለም ካልፈለጉ እጅ ነሥተው ዝቅ ማለት ይበቃቸዋል፤ የሚቀየማቸው የለም። ስጦታ መስጠት ከፈለጉ ለገዳሙ ጧፍና ዕጣን፤ ለመንደሩ ልጆች ደግሞ ደብተር፣ ያውም በትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በኩል። ከመኪና መስኮት ከረሜላ የሚወረውር ሰው ካየሁ እኔ ራሴ ነኝ የማወርደው።

አንድ ቀን ባዶ አድርጊላቸው። መካነ ሰላም ላይ፣ ገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ ምንም አይያዝ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ይቀመጡ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያንብቡ፣ ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚወጡት ተማሪዎች ቀርበው በእንግሊዝኛ ያዋሯቸው፤ እናትየው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ቆሎ ይቁሉ። የሠፈሩ ሽማግሌ ሊመርቋቸው ከመጡ፣ ቄስም ይሁኑ ሼህ፣ ሁለቱም መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አሜን» ይበሉ። ምርቃቱ ሊረዝም ይችላል፤ እጃቸው ከደከመ ልጆቹ ክርናቸውን ይደግፉላቸው።

በይ አሁን ወረቀቱን አዲስ ጻፊው። ደሴ የያዝሽውን ሆቴልም ሰርዢው፤ እኔ ዘንድ ነው የምታድሩት። ለሽማግሌው ፍራሹን መሬት ላይ አላነጥፍም፣ አብሽሪ፤ አልጋዬን እለቃለሁ። የክኒኑን ስምና ሰዓቱን ብቻ ዛሬ ማታ ላኪልኝ።